ሁለት ዓምድ አይወድም

ከኢንዱስትሪው ፓርክ ፊት፣ ከባጃጆች ተራ፣
አሮጌ ማተሚያ ይዤ፣ እንደ በሬ 'ሚያጓራ፣
«ሲቪ እንጽፋለን» የሚል፣ ፊደሉ የሳሳ
ታፔላ ሰቅዬ፣ እኖራለሁ ሐዋሳ።

አመረች ሐሜሶ መጣች ማክሰኞ ለት፣
ፍላሿን እንደ ክታብ አንጠልጥላ ባንገት።
«ዐሥራ ሰባት ቦታ ላክሁ» አለች፣ «ዐሥራ ሰባት!
ሻዬ ሳይበርድ ነው መልሱ 'ሚመጣበት።
ማነው ያነበበኝ በዚህ ፍጥነት? ማነው?
ሰው እኮ ለመናቅም ጊዜ የሚያሻው ነው።»

ሰው አይደለም፣ አልኳት፤ ማሽን ነው፣ ወንፊት፤
ቃል ይለቅማል እንጂ የለውም ትዝብት።

ፋይሏን ከፈትኩት። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል!
ፎቶዋ በክብ ውስጥ፣ ጥግ ይዞ ይስቃል፤
ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ነጭ ዓምድ ነው፤
የኮምፒውተር ችሎታዋ አራት ኮከብ አለው።
ይሄንን ያበጀ የአክስቷ ልጅ ነው፤
ሙያው የሠርግ ካርድ፤ ሲቪም ሠርግ መሰለው።

ማሽኑ ግን፣ አመረች፣ ሁለት ዓምድ አይወድም፤
አቋርጦ ነው እንጂ ወርዶ አያነብም፤
ስምሽን ከስልክሽ፣ ዲፕሎማሽን ከቀበሌሽ
ያደባልቅና «ሰው የለም» ብሎ ነው 'ሚጥልሽ።
ኮከብ አይቆጥርም፤ ፎቶሽንም አያይም፤
የጥርስሽ ማማር ለሱ ምንም ነው፣ ምንም።

ጠረግነው። ሰማያዊው ሄደ፤ ኮከቡ ረገፈ፤
ያ ክብ ፈገግታዋ በአንድ ጣት አለፈ።

«እስቲ ምን ሠርተሻል?»
«ምንም» አለች። ሁሉም ሰው እዚች ወንበር ላይ ሲቀመጥ
በ«ምንም» ነው የሚጀምረው።
ዝም ብዬ ጠበቅሁ።
«ያው... አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ስድስት ዓመት፤
የአጥማጆቹን ማኅበር ደብተር እይዝ ነበር፤
የማን ጀልባ ስንት ኪሎ አወጣ፣ መረብ በዱቤ የወሰደ ማነው፣
አርባ ሦስት አባል ነው፤
ቅዳሜ ማታ ሲደመር አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም።»

ማስታወቂያው «የክምችት ቁጥጥር» ይላል፤
እሷ «ዓሣ መቁጠር» ትላለች።
ማስታወቂያው «ሒሳብ ማስታረቅ» ይላል፤
እሷ ሒሳቡንም፣ በሒሳቡ የተጣሉትንም ስታስታርቅ ኖራለች።
ያልሠራሽውን አልጽፍም፣ አልኳት፤
የሠራሽውን ግን በነሱ አፍ እጠራዋለሁ፣
ቃሉን ከማስታወቂያው እንዳለ አንስቼ፣ ሳላሳምር።
ቁጥሩንም፦ ስድስት፣ አርባ ሦስት፣ ዜሮ ጉድለት።

(ከጎኔ ያለው ሱቅ ዘዴ አለው፤
በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም ያልተማሩትን ይጽፍላቸዋል።
ማሽኑ ያነባል፣ ሰው አያይም።
ይሠራል አሉ፤
ጠያቂው ፊት ሲቀመጡ ግን ነጩ ይጠቁራል።)

አንድ ነገር ቀረ፤ የከተማው ስም።
ዲፕሎማዋ ላይ በ«ኤ» ይጀምራል፣ ማስታወቂያው ላይ በ«ኤች»።
እኛ በሀሌታው ሀ ብንጽፋት፣ በሐመሩ ሐ ብንጽፋት፣
አዋሳ ብለን ብንጠራት፣ አቤት ትላለች፤
ሐይቁ ያው፣ ታቦር ያው፣
የዓሣ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳም ያው።
ለማሽኑ ግን ሁለት አገር ናት፤
አመረች በአንዱ ተምራ በሌላው ሥራ የምትለምን መጻተኛ።
ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ጎን ለጎን።

አንድ ገጽ፣ አንድ ዓምድ፣ ጥቁር በነጭ፤
እንደ ሐዘን ማስታወቂያ ደረቅ።
አየችውና «እኔን አይመስልም» አለች።
አይምሰል። እሱ በሩን ይለፍ እንጂ፣
አንቺን የምትመስይው አንቺ ነሽ።
ሃምሳ ብሬን ተቀብዬ ላክሁላት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደወለች። ከጀርባዋ ባጃጅ ይጮኻል።
«ሥራውን ገና አላውቅም» አለች፤
«ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ዓይን ያላቸው።
መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዓሣው ነው።
ሻይ አመጡልኝ፤
ሳወራ፣ ሲጠይቁኝ፣ ሳወራ፣
በረደ።»